ስድስተኛው ወር የትኛው እንደሆነ ለሚያውቁት ለአቶ መርስዔ ኃዘን

ግንቦት 2018 ዓ.ም.
ሞላሌ

ለክቡር አቶ መርስዔ ኃዘን
የ«ብሩህ ጣት» የወጣቶች ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በደብሩ ግቢ ስለተጠየቀልኝ ይቅርታ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ ያ ግራጫ ካፖርትዎም ጭምር በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ጣሪያዎ አልጠይቅም። የእርስዎ ቤት ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ድምፁን ይሰሙታል እንጂ ውሃውን አያገኙትም። በእኛም ቤት ሁላችን ደህና ነን። አባቴ ደህና ናቸው፣ እናቴ ደህና ናት፣ አህዮቹም ደህና ናቸው። ጣሪያው ብቻ ላስቲክ ለብሶ ሰኔን ይጠብቃል።

እኔ የምሥራች ጫኔ ነኝ። በስሜ ካላስታወሱኝ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ኮምፒውተር ተቀምጣ እርስዎ የሚሉትን የምትጽፈው፣ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ ብል ያስታውሱኝ ይሆናል። በደብሩ ግቢ የጠሩኝ «ይች ልጅ» ብለው ነበር።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው የአጥቢያችን ሰው ሁሉ እንዲሰማው ነው። ስለዚህ የኮምፒውተር ነገር የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር ትንሽ ትንሽ እያብራራሁ እሄዳለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስለማያልፍ ቃል ቢያንሰኝ ይታገሡኝ። በአፌ መናገር እንደማልችል ያውቃሉ፤ ሰው ሲበዛ ምላሴ ይታሰራል። በጣቴ ግን እችላለሁ። እርስዎም የከሰሱት ጣቴን ስለሆነ መልሱን ጣቴ ቢሰጥ ተገቢ መሰለኝ።

ቅሬታ ያለው ሰው ወደ ቢሮዎ ገብቶ ለብቻዎ ይነግርዎታል። የእኔ ግን ቅሬታ አይደለም፣ ምስጋና ነው። ምስጋናዬንም እርስዎ እንዳስተማሩን ከዜሮ ጀምሬ እቆጥራለሁ።

0. ስለ ቅዳሜ ክርክሮች አመሰግንዎታለሁ። ጃቫስክሪፕት የሚባለው ድረ ገጾች የሚታዘዙበት ቋንቋ ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ አንድ ነገር ሲነካ ገጹ ምን እንደሚያደርግ የሚነገረው በእሱ ነው። ሲፈጠር በጥድፊያ ስለተሠራ ብዙ አመል አለው፤ በየዓመቱም አዳዲስ ነገር ይጨመርበታል። እርስዎም ስለ አመሉና ስለ አዳዲሱ ነገር እንድንከራከር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይሰበስቡን ነበር። ክርክሩን የሚመሩት እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጠው መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ በመጨረሻ ትንሹ። ትንሿ እኔ ነበርኩ። ተራዬ ሊደርስ ሲል ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ እርስዎ ሰዓትዎን አይተው ይነሣሉ። ለዚህም ልዩ ምስጋና አለኝ፤ ተራው ቢደርሰኝ ኖሮ በሰው ሁሉ ፊት መናገር ሊኖርብኝ ነበር።

ከሁሉ የረዘመው ክርክር የሴሚኮለን ነበር። ሴሚኮለን በየትእዛዙ መጨረሻ እንደ አራት ነጥብ የምትቀመጥ ምልክት ናት፤ ጸሐፊው ቢተዋትም ቋንቋው ብዙውን ጊዜ ቦታዋን ገምቶ ይሞላታል። ከደብረ ብርሃን ተምሮ የመጣው ምንተስኖት «ራሱ የሚሞላውን እኛ ምን አስጨነቀን?» አለ። እርስዎ «ሴሚኮለን የማያስቀምጥ ሰው ያለ ቀበቶ ሱሪ እንደታጠቀ ሰው ነው» አሉት። እሱም «ጋሼ፣ ልኩ የሆነ ሱሪ ቀበቶ አይፈልግም» ብሎ መለሰልዎት። ያን ቀን ክፍሉ በሳቅ ስለታመሰ ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቅዳሜ ሙሉ ከሱሪና ከቀበቶ መውጣት አልቻልንም።

ሌላ ቀን ደግሞ አሥርን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብተን አንድ ብንደምርበት 101 ሆነ። ከዚያው አሥር ላይ አንድ ብንቀንስ ግን 9 ሆነ። ቤተሰቦቿ ከቆላ መጥተው እዚህ የሚነግዱት ዙሀራ «ኧረ ጉድ! አባቴ ሱቅ እንዲህ የሚደምር ሰው ቢቀመጥ በሳምንቱ ወይ ቱጃር ነን ወይ እስረኛ» አለች። ሁላችን ሳቅን፤ እርስዎ አልሳቁም። «በቋንቋው የሚያላግጥ ሰው አይማረውም፤ ቋንቋ አይሳሳትም፣ ሰው ነው የሚሳሳት» አሉ። ይህን ንግግርዎን ያኔ እንደ ጥበብ ቆጥሬ በልቤ አስቀመጥኩት። በኋላ የሚሳሳተው ሰው እኔ እንደምሆን አላወቅሁም።

«ቁጥር አይደለም» የሚባል ነገርም አሳይተውናል። ዓይነትህ ምንድን ነው ሲባል «ቁጥር ነኝ» ይላል፤ ከራሱ ጋር ሲያስተያዩት ደግሞ «እኩል አይደለሁም» ይላል። እንዲህ ያለ ፍጥረት እንዴት ይኖራል ብዬ ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ መንገድ ለመንገድ ሳስብ ሄድኩ። አሁን አይገርመኝም። የቅዳሜ ንግግርዎን ከእሑድ ንግግርዎ ጋር አስተያይቼዋለሁ።

1. ስለ ዜሮ አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ቋንቋ ነገሮች በተርታ ሲደረደሩ የመጀመሪያው ቁጥሩ ዜሮ ነው። ወሮችን ብንደረድር መስከረም ዜሮ ይሆናል፣ ጥቅምት አንድ፣ ኅዳር ሁለት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ምንተስኖት ይህ አመል ሰው ያሳስታል አለ። አሁን አዲስ የጊዜ መቁጠሪያ ቋንቋው ውስጥ ገብቷል፣ ወርን ከአንድ ይቆጥራል፣ የእኛንም ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜን ያውቃል፣ ስለዚህ በእሱ እንሥራ አለ። ስልኩን አውጥቶም አሳየን።

ጳጉሜን በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ አሥራ ሦስተኛ ወር ሆና ስትወጣ ሳያት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የትም የማናውቃቸው፣ እኛንም የማያውቁን ሰዎች ተሰብስበው ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ለዚያች ለማትረባ ትንሽ ወር ቦታ ሰጧት ማለት ነው። ክርክር እንዲህም ይሆናል ለካ አልኩ በልቤ። የትንሿ ተራ ሳይደርስ መብራት ያልጠፋበት ክርክር ነበረ ማለት ነው።

እርስዎ ግን «የውጭ ወረት በመጣ ቁጥር አንሯሯጥም» አሉ። የገዛ ጳጉሜናችን የውጭ ወረት ስትባል ሰማሁ። ቀጥለውም «የክፍሉ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ አዲሱን አያውቀውም» አሉ። ይህ እውነት ነበር፤ ሳልክድ እመሰክርልዎታለሁ። በእውነቱ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። እርስዎ ግን «እውነተኛ ፕሮግራመር ከዜሮ ይቆጥራል! ከአንድ የሚቆጥረው በግ ቆጣሪ ነው» ብለው ጨመሩበት፤ ከመካከላችን በግ የሌለበት ቤት ልጅ እንዳልነበረ ግን ረሱት። ከዚያ ድምፅ ይሰጥ አሉ። እኔ ለማንም እጄን አላወጣሁም። እርስዎም «ዝም ያለ ከእኔ ጋር ነው» ብለው ከእርስዎ ወገን ቆጠሩኝ። ለብቻዬ የምቆጠርበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ከእርስዎ ጋር ስላቆዩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

2. ስለ ስድስት ቁጥር አመሰግንዎታለሁ።

ጓሳ እንደ ማንኛውም ሜዳ እንዳልሆነ ለአገራችን ሰው አልነግርም፤ ለሌላው ግን ልንገር። ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ አጥቢያዎቹ መክረው ይከፍቱታል፤ ቀኑም በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ በለፋፊ ይነገራል። ከቀኑ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እሳት አይጫጫርም። ቤታችንን የምንከድነው በዚያ ሣር ነው። የእኛ ቤት ክዳን ካለፈው መከፈት የቀረ ስለሆነ በስብሶ ጠቁሯል፤ ከእናቴ መኝታ በላይ በቀን ሰማይ ይታያል። አባቴ ዘንድሮ ይከፈታል ሲባል ሰምተው አዲስ ጠፍር ፍቀው፣ ማጭዳቸውን አስለው ሲጠብቁ ነበር።

እርስዎም ወደ ሣር ኮሚቴው ሄደው ለፋፊ ኋላ ቀር እንደሆነ፣ «ልጆቼ» መልእክቱን በየሰዉ ስልክ የሚልክ ፕሮግራም እንደሚሠሩ ነገሯቸው። ልጆቼ ማለትዎን ስንሰማ ደስ ብሎን ነበር። ፕሮግራሙም በክፍላችን ተሠራ። አሥራ ሦስቱን ወሮች በተርታ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ፤ በድምፁ እንደተወሰነው መስከረምን ዜሮ ላይ አድርጌ። የቀረው ኮሚቴው የቆረጠውን ቀን ማስገባት ብቻ ነበር።

ያን ቅዳሜ እርስዎ ኮሚቴው የሰጠዎትን ብጣሽ ወረቀት ከካፖርትዎ ኪስ አወጡ። በዚያው ቅጽበት ከምንተስኖት ጋር ስለ ሴሚኮለን እየተነታረኩ ነበር። ፊትዎን ወደ እሱ እንዳደረጉ «ቀን አሥራ ስምንት፣ ወር ስድስት በዪ» አሉኝ። ጣቴ ስድስት ላይ ደርሶ ቆመ። ስድስት እኛ በለመድነው ከአንድ ሲቆጠር የካቲት ነው፤ ፕሮግራሙ እንደሚቆጥረው ከዜሮ ሲቆጠር ደግሞ መጋቢት ነው። ወረቀቱን አላየሁትም፤ ኮሚቴው የትኛውን ወር እንደቆረጠ አላወቅሁም። እርስዎ ወደ ፕሮግራሙ አቆጣጠር መልሰውት ይሁን፣ ወይስ እንዳለ እያነበቡልኝ ይሁን ማወቅ አልቻልኩም። ስለዚህ በዚያ ሰው በሞላበት ክፍል፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ተራዬ ሳይደርስ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ከዜሮ ነው ከአንድ?» አልኩ።

ዙሀራ ሰምታኛለች። ምንተስኖት ሰምቶኛል። እርስዎም ሰምተውኛል፤ መልሰውልኛልና። «አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ! ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ አይገባም» አሉኝ።

ጻፍኩ። ከስድስቱም ቀጥዬ እርስዎ እንደሚወዱት ሴሚኮለኗን አስቀመጥኩ።

3. ስለ መጋቢት አመሰግንዎታለሁ። መልእክቱ ወደ አባቴ ስልክ ደረሰ። በቤታችን ማንበብ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ያነበብኩላቸውም እኔው ነኝ። «ጓሳ የሚከፈተው መጋቢት 18 ቀን ነው» ይላል። አባቴ «ዘንድሮስ አዘገዩት» አሉና ማጭዳቸውን መልሰው ሰቀሉ። እኔም ልቤ አረፈ፤ ጋሼ ያሉት ስድስት ከዜሮ የሚቆጠረው ነበር ማለት ነው ብዬ።

ኮሚቴው የቆረጠው ግን የካቲት 18 ነበር። ጓሳ አጠገብ ያሉት አጥቢያዎች ከኮሚቴው ሰዎች ጋር ስለሚኖሩ ከአፋቸው ሰምተዋል፤ ለፋፊያቸውም እንደ ልማዱ ለፍፏል። ራቅ የምንለው እኛ ያለን ስልኩ ብቻ ነበር። የካቲት ሊያልቅ ሲል በመንገዳችን ሣር የተጫኑ አህዮች ማለፍ ጀመሩ። እናቴ ጥሩሸዋ በር ላይ ቆማ አይታ «ኧረ ሰዉ እየጫነ ነው! አንተ ምን ትጠብቃለህ?» አለቻቸው። አባቴ «የእነሱ ተራ ይሆናል፤ ለእኛ ቀናችን ተጽፎ መጥቶልናል። ሳይፈቀድ ጓሳ ማጭድ አላገባም» አሉ። ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ አሉ። አንድም ቤት አልተንቀሳቀሰም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉልኝ። ሣሩን ያጣነው ሕግ አፍርሰን አይደለም። ሕግ አክብረን ነው። አጥቢያው ሁሉ ሌባ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አጥቢያው ሁሉ ደረቅ ቤት ውስጥ ይተኛ ነበር። እርስዎ የላኩልን ስድስት ቁጥር የሠራችው በታማኞች ላይ ብቻ ነው።

መጋቢት 18 ንጋት ላይ አባቴ ጠፍራቸውን ጠቅልለው አህዮቹን ነዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ከጎረቤቶቻችን ጋር እየተጨዋወትን ሄድን። ጓሳ ስንደርስ ሜዳው ተላጭቷል። ጠባቂው መጀመሪያ የምንቀልድ መስሎት «አባባ፣ ሰው ሁሉ ሲያጭድ እናንተ የት ከርማችሁ ነው?» አለ። አባቴ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡት። ጠባቂው አነበበና መልሶ ሰጣቸው። ጓሳ ተመልሶ ተዘግቷል፤ እስኪከፈት ስንት ክረምት እንደሚያልፍ አይታወቅም። ስንመለስ ባዶ ጀርባቸውን የያዙት አህዮች ከፊታችን እየቀደሙ በደስታ ሄዱ። ለአህዮቻችን ስለሰጧቸው ዕረፍት በእነሱ ስም አመሰግናለሁ።

4. አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ደረስኩ።

ቀጥሎ በመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጥቢያው በደብሩ ግቢ ተሰበሰበ። የሣር ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ምንይሉ እርስዎን አስጠርተው «እኛ የካቲት ብለን ሰጠንዎት፤ እንዴት መጋቢት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ ካፖርትዎን ቆልፈው ተነሡ። እኔ ከሴቶቹ በስተኋላ ቆሜ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ የፈራሁት ለእርስዎ ነበር። ጋሼ ምን ብለው ይመልሱ ይሆን፣ በሰው ፊት እንዴት ይጨነቁ ይሆን ብዬ ነበር።

እርስዎ ግን ምንም አልተጨነቁም። «ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። የጻፈችው ይች ልጅ ናት። ልጅ ናት፣ ዓይነ አፋር ናት፣ ያልገባትን አትጠይቅም። ጣቷ ስቶ ነው፤ ይቅር በሏት» አሉ። ድምፅዎ በጣም ደግ ነበር። «ያልገባትን አትጠይቅም» ሲሉ በተለይ ተደነቅሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ የጠየቅሁት ያንኑ አንዱን ጥያቄ ነው፤ እሱንም የጠየቅሁት እርስዎን ነው።

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። መሬት መሬቱን ሳይ አባቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን አደግድገው በአጥቢያው ሰው ፊት ዝቅ አሉ። «ልጄ በድላችኋለች። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ማሩኝ» አሉ። ልጄን ማሩልኝ አላሉም፤ ማሩኝ አሉ። አባቴ ድንበር ገፍተው፣ የሰው እህል ነክተው ለሽማግሌ ቀርበው አያውቁም። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያጎነበሱት ጓሳን አክብረው ሣር ባጡበት ዓመት፣ ሣር ላጡ ሰዎች፣ በእርስዎ ጥፋት ነው። እርስዎም አጠገባቸው እጅዎን አጣምረው ቆመው አዩ። አይተውም ራስዎን ነቀነቁ፤ ይቅር ያሉ ሰው አነቃነቅ ነበር። አባቴን ይቅር ስላሉልኝ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስሜም ተለውጧል። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ልጆቹ «መጋቢት መጣች! መጋቢት፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይሉኛል። ትልልቆቹ አይሉኝም፤ ትልልቆቹ ሳልፍ ዝም ይላሉ። የልጆቹ ይሻለኛል።

5. ስለ ቡድኑም ሳላመሰግን አልቀርም። በማግስቱ በክፍላችን የቴሌግራም ቡድን ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ «ጋሼ፣ ከዜሮ ነው ከአንድ ብዬ ጠይቄዎት አልነበረም?» የሚል። መልስዎ ወዲያው መጣ፤ «የምሥራች እስክትታረም ድረስ በዚህ ቡድን እንዳትጽፍ» ይላል። ዙሀራ «ስትጠይቅ እኔም ሰምቻለሁ» ብላ ጻፈች። እርስዎ «ይህ የአጥቢያ ጉዳይ ነው፤ አንቺን አይመለከትሽም» አሏት። እሷም «እኔ የተናገርኩት የጆሮ ጉዳይ ነው ጋሼ» ብላ መለሰችልዎት። ምንተስኖት በሁለታችሁም መልእክት ላይ እኩል አውራ ጣት አስቀመጠ። ሰው እንዲህ ሆኖ መኖርም ይችላል።

የዚያ ሳምንት የቅዳሜ መከራከሪያ በእኔ ላይ እንደነበርም ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የቋንቋው ነው ወይስ የጻፊዋ የሚል ነበር አሉ። ምንተስኖት ከዜሮ የሚቆጥረው ቋንቋ ነው ጥፋተኛው ብሎ ተከራከረ። እርስዎ ጻፊዋ ናት ብለው ተከራከሩ። እስኪመሽ ስትከራከሩ፣ በቋንቋውና በጻፊዋ መካከል ቆሞ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ቁጥር ያስጻፈ ሦስተኛ ሰው እንደነበረ ለማንም ትዝ አላለውም። እርስዎ እንዳሸነፉ ነገሩኝ። እንኳን ደስ አለዎት።

እኔ ግን ታዘዝኩ። አትጻፊ ስላሉኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቡድኑ ላይ አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። የእኛ ቤት ሰው ተጽፎ የመጣለትን ያከብራል፤ ይህን ከጓሳ አይተዋል።

ክቡር ሆይ፣

ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ልመና አለችኝ። ሣሩን ይመልሱልን አልልም፤ የታጨደ ሣር አይመለስም። ኮሚቴውም ወደ ለፋፊው ተመልሷል። ለፋፊው ሴሚኮለን አያውቅም፤ የካቲት ሲሆን የካቲት ይላል። እኔ የምለምንዎት በሚመጣው እሑድ በዚያው ግቢ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው ካፖርት ተነሥተው «ስድስት በዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ጠይቃኝ ዝም በዪ ያልኳትም እኔ ነኝ» እንዲሉ ነው። ከዚያ በአባቴ ፊት፣ አባቴ ዝቅ ያሉትን ያህል ዝቅ እንዲሉ ነው። ሴሚኮለን ከወሰደብን ጊዜ ያነሰ ይወስዳል።

አባቴ ይቅር ይሉዎታል፤ እሳቸው እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ግን ይቅር የምል እንዳይመስልዎት። ክረምቱ ሲገባ በእናቴ መኝታ ላይ የምትወርደውን ጠብታ ሁሉ በስምዎ እየጠራሁ እቆጥራለሁ። ለእርስዎ ክብር ስል የመጀመሪያዋን ዜሮ እላታለሁ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ዕድሜዎ የጓሳ ሣር ዳግመኛ አድጎ፣ አባቴ ዳግመኛ ሲያጭዱ ቆመው እስኪያዩ ይርዘም።

ዝም በዪ ሲሏት ዝም ያለች፣ ጻፊ ሲሏት የጻፈች፣ አትጻፊ ሲሏትም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የታዘዘችዎ፣

የምሥራች ጫኔ
(በውሃው መንገድ ስሟ መጋቢት)

ግልባጭ፦
ለአጥቢያችን ምእመናን፣ በደብሩ በር ላይ የሚለጠፍ
ለሣር ኮሚቴው ሰብሳቢ ለአቶ ምንይሉ
ለዙሀራ፣ ስለ ጆሮዋ
ለምንተስኖት፣ አውራ ጣቱን ከየትኛው ላይ እንደሚያስቀምጥ እንዲመርጥ
ለአባቴ ለአቶ ጫኔ፣ እኔው ለማነብላቸው

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የክፍሉን ቡድን የከፈትን ዕለት የእርስዎ ስልክ ሞልቶ ስለነበር «አንቺ ክፈቺው፤ አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ አትበጠብጪም» ብለውኝ ነበር። ስለዚህ የቡድኑ ባለቤት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አስተዳዳሪ የሆኑት እኔ ስለሾምኩዎት ነው። እስካሁን ዝም ያሰኘኝ ቃልዎ እንጂ ማሽኑ አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ሹመትዎን አንሥቼ፣ ይህን ደብዳቤ ከቡድኑ አናት ላይ ሰክቼ፣ የእርስዎን መጻፊያ ዘግቻለሁ። ማንበብ ይችላሉ። የሚናገሩት ካለዎት የደብሩ ግቢ ክፍት ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው አፍ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አለዎት። መጻፊያዎ ተመልሶ የሚከፈተው በስድስተኛው ወር ነው። ከዜሮ ነው ከአንድ ብለው መጠየቅ ቢያምርዎት፣ መልሱን አስቀድመው ሰጥተውኛል።